የሰው ኮድ ከራሳችሁ ኮድ ጋር ስትቀላቅሉ የቱ መንገድ ይሻላል?

ነገሩ የጀመረው በአንድ ኢሜይል ነው። የሒሳብና የደረሰኝ ሶፍትዌር ሠርተን ጨርሰናል። ደንበኛው ወዶታል። የቀረው የመጨረሻው ክፍያ ብቻ ነው። ከዚያ የደንበኛው የውጭ ሸሪክ አንድ አጭር ጥያቄ ላከ፦ በፕሮግራሙ ውስጥ ያሉትን የሌላ ሰው ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) በሙሉ ከነላይሰንሳቸው (ከነአጠቃቀም ፈቃዳቸው) ዘርዝሩልን። ቀላል መሰለን። ዝርዝሩን ስናወጣ 60 ላይብረሪ ተገኘ፣ ከነሱም አንዱ፣ ደረሰኙን ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረው አይቴክስት፣ ላይሰንሱ ኤጂፒኤል ነው፤ አብሮት የሚሄደውን ፕሮግራም ሶርስ ኮድ ክፈቱ ከሚሉት ጥብቅ ላይሰንሶች አንዱ። ያስገባሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ኢንተርኔት ላይ አንድ ምሳሌ አይቼ ገለበጥኩ፣ ሠራልኝ፣ ረሳሁት። ዕዳ ከሜዳ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ሳምንት ነው።

ይህን የምጽፈው እንግዲህ ለዚያን ጊዜው ለእኔ ነው። ሌላ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ከራሳችን ጋር ለማገናኘት ስድስት ሰባት መንገድ አለ። ሁሉም ይሠራሉ፤ በሕግ ፊት ግን እኩል አይደሉም። ጠበቃ አይደለሁም፣ ኮድ ጸሐፊ ነኝ። ትልቅ ገንዘብ ያለበት ሥራ ከሆነ ጠበቃ አማክሩ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጅ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ በእኛ እቆጥራለሁ።

መጀመሪያ ሕጉ የሚጠይቀው

የቅጂ መብት ሐሳብን አይጠብቅም። የሚጠብቀው የተጻፈውን ነው። አሜሪካኖች የኮምፒውተር ፕሮግራምን በስሙ ጠርተው በቅጂ መብት ሕጋቸው ውስጥ ያስገቡት በ1980 ነው። በዚያው ሕግ ውስጥ ጠበቆቹ ዴሪቬቲቭ ወርክ የሚሉት ነገር አለ፤ እኔ እዚህ ውልድ ሥራ እለዋለሁ። ቀድሞ በነበረ ሥራ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ አዲስ ሥራ ማለት ነው። ልብ ወለድ ሲተረጎም ትርጉሙ ውልድ ነው፣ ወደ ፊልም ሲቀየር ፊልሙ ውልድ ነው፣ ሁለቱም ያለ መጀመሪያው ባለቤት ፈቃድ አይሠሩም። ችግሩ የሕጉ ቃላት ሲመረጡ የታሰበው ስለ ትርጉምና ስለ ፊልም ነበር። ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር ሊንክ ስለማድረግ የታሰበ ነገር የለም። ስለዚህ ዳኞቹ በየጉዳዩ እየተንገዳገዱ ነው የመጡት።

ሁለት የጌም ክሶች ይህን ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያሉ። በ1992 ኒንቴንዶ ጌም ጂኒ በተባለች ዕቃ ላይ ያነሣው ክርክር ውሳኔ አገኘ። ዕቃዋ በካርትሪጁና በኮንሶሉ መሃል ትሰካና ጌሙ በሚሮጥበት ጊዜ አንዳንድ ቁጥሮችን ትለውጣለች፤ ለምሳሌ ሦስት ነፍስ የነበረው ተጫዋች ብዙ ነፍስ ይኖረዋል። ፍርድ ቤቱ ውልድ ሥራ አይደለችም አለ፤ ከጌሙ ቆርሳ ይዛ የተቀመጠችው ነገር የለም፣ ዕቃዋን ስትነቅሏት ጌሙ እንደነበረ ነው። በ1998 ደግሞ ዱክ ኑከም ለሚባለው ጌም ተጫዋቾች የሠሯቸውን 300 ደረጃዎች ሰብስቦ በሲዲ የሸጠ ኩባንያ ጉዳይ ተወሰነ። ፋይሎቹ ውስጥ ከጌሙ የተገለበጠ አንድም ሥዕል አልነበረም፣ ያለው «እዚህ ጋ ይህን ግድግዳ አስቀምጥ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። ኩባንያው ግን ተረታ። ምክንያቱም ፋይሎቹ ያንኑ ጀግና ይዘው ያንኑ ታሪክ ይቀጥላሉ። ያው የካሊፎርኒያው ዘጠነኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነው ሁለቱንም የወሰነው!

ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ለራሴ የያዝኩት ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ከሰውየው ሥራ ምን ወስጃለሁ? ሁለተኛ፣ የተቀላቀለውን ነገር ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ ወይ? ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የጂፒኤል (ሶርስ ኮዱን አብራችሁ ስጡ የሚለው የነፃ ሶፍትዌር ላይሰንስ) ግዴታ የሚቀሰቀሰው ፕሮግራሙን ስታከፋፍሉት ነው። የራሳችሁ ቢሮ ውስጥ ብቻ የሚሮጥ ከሆነ የፈለጋችሁትን ከፈለጋችሁት ጋር ቀላቅሉ፣ የሚጠይቃችሁ የለም።

ጂፒኤልን «ቫይረስ» የሚሉት አሉ። እኔ እርሾ ነው የምለው። ሊጥ ውስጥ ከገባ በኋላ የገባበትን ጥግ ቆርጬ ላውጣ ማለት አይቻልም። በያይነቱ ግን ሌላ ነው፤ ሽሮውም ምስሩም ጎመኑም አንድ እንጀራ ላይ ይቀርባሉ እንጂ የበሰሉት በየድስታቸው ነው። ጂፒኤል ራሱ ይህን ልዩነት ያውቃል፣ አንድ ሲዲ ላይ አብረው ስለተቀመጡ ብቻ ፕሮግራሞች አንድ ሥራ እንደማይሆኑ በግልጽ ጽፏል። እርሾ ያልኩት ምሳሌ የሚያነክስበት አንድ ቦታ ግን አለ። ብትሳሳቱ ኮዳችሁ በራሱ ጊዜ ወደ ጂፒኤል አይለወጥም። የሚሆነው የቅጂ መብት ጥሳችኋል መባል ነው፤ ከዚያ ወይ የሰውየውን ኮድ ታወጣላችሁ፣ ወይ ላይሰንሱ የሚለውን ትፈጽማላችሁ፣ ወይ ትከፍላላችሁ።

ኮዱን ገልብጦ ማስገባት

ይሄ ክርክር የለበትም። የሰው ፋይል ወስዳችሁ ከራሳችሁ ጋር ከደባለቃችሁ፣ የተለዋዋጮቹን ስም ብትቀይሩም ከፓይተን ወደ ጃቫ ብትተረጉሙትም፣ ውጤቱ ቅጂ ወይም ውልድ ሥራ ነው። ስለዚህ እዚህ ጋ የሚወስነው ላይሰንሱ ብቻ ነው።

ኤምአይቲ ወይም ቢኤስዲ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። የሚጠይቁት የባለቤቱን ስምና የላይሰንሱን ጽሑፍ አብራችሁ እንድታስቀምጡ ነው። ይህችን ትንሽ ነገር ግን ማን ይፈጽማታል? የጃቫስክሪፕት ሰዎች ኮዳቸውን አጭቀው አንድ ፋይል ሲያደርጉ ማስታወሻው አብሮ ይጠፋል፣ ማንም ልብ አይለውም። አፓቺ 2.0 (2004) ከዚህ ትንሽ ይረዝማል፣ ግን የፓተንት ፈቃድ አብሮ ስለሚሰጥ ለድርጅት ሥራ እኔ ከኤምአይቲ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

ኤምፒኤል 2.0 (2012) መሃል ላይ ያለ ነው። የሚቆጥረው በፋይል ነው፦ የእነሱን ፋይል ከነካችሁ የነካችሁትን ፋይል ክፈቱ፣ የራሳችሁን ፋይሎች ግን እንደፈለጋችሁ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ለመረዳት ቀላሉ እሱ ነው፣ ምክንያቱም «ውልድ ሥራ ነው አይደለም» የሚለውን ሙግት ትቶ ፋይል ቁጠሩ ብሏል።

ጂፒኤል ከሆነና ፕሮግራማችሁን ዝግ አድርጋችሁ መሸጥ ከፈለጋችሁ፣ አትገልብጡ። አሥር መስመር ናት አትበሉ።

ሊንክ ማድረግ፦ ስታቲክ ወይስ ዳይናሚክ?

ሰው ሁሉ የሚጨቃጨቀው እዚህ ላይ ነው። ስታቲክ ሲሆን ላይብረሪው ከፕሮግራማችሁ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ይጋገራል። ዳይናሚክ ሲሆን ላይብረሪው ለብቻው ፋይል ሆኖ ይቀመጥና ፕሮግራሙ ሲነሳ ይጠራዋል።

ጂፒኤልን የጻፈው ድርጅት፣ ማለትም የሪቻርድ ስቶልማን ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን፣ ሁለቱም ያው ናቸው ይላል። ይህን አቋም ገና ቀድሞ ነው የያዘው። የስቲቭ ጆብስ ኩባንያ ኔክስት ጂሲሲ ለተባለው የጂፒኤል ኮምፓይለር የኦብጀክቲቭ ሲ ቋንቋ ክፍል ሲሠራ አንድ ብልጠት አሰበ፦ የእኛን ክፍል ሶርስ ሳንሰጥ ብቻውን እናከፋፍላለን፣ ተጠቃሚው ራሱ ቤቱ ሊንክ ያደርገዋል። ስቶልማን ጠበቃ አማክሮ አይሆንም አለ፣ ኔክስትም ኮዱን ከፈተ። በ1992 ደግሞ ክሊስፕ የተባለው ፕሮግራም ሪድላይን ከተባለ የጂፒኤል ላይብረሪ ጋር ሊንክ በማድረጉ ተመሳሳይ ሙግት ተነሣ፤ ደራሲዎቹ ብዙ ደብዳቤ ከተጻጻፉ በኋላ ክሊስፕን ጂፒኤል አደረጉት። ሁለቱም የተዘጉት በስምምነት ነው፣ ዳኛ ፊት አልቀረቡም።

ፍርድ ቤት በበኩሉ ለብቻ ስለተቀመጠ ላይብረሪ ቁርጥ ያለ ነገር አልተናገረም። በታኅሣሥ 2024 ግን አንድ ትልቅ ነገር መጣ። ዘጠነኛው ይግባኝ ሰሚ በኦራክልና ሪሚኒ ስትሪት ክርክር ላይ፣ አንድ ፕሮግራም ከሌላው ጋር እንዲሠራ ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ፣ ሌላ ቦታ ባይሠራ እንኳ፣ ውልድ ሥራ አይባልም አለ። የሌላውን ሥራ ክፍል በውስጡ መያዝ አለበት። ይህ የፋውንዴሽኑን አቋም የሚያሳሳ ይመስለኛል። ግን ልብ በሉ፣ ስታቲክ ስታደርጉ የሰውየው ኮድ እውነትም እናንተ ፋይል ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ «ሁለቱ ያው ናቸው» የሚለው ፋውንዴሽኑ ቢሆንም፣ የሚያከራክረው ዳይናሚኩ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ልምረጥ ካላችሁኝ፦ ጂፒኤል ላይብረሪ ከሆነ በዳይናሚክ አመካኝታችሁ ዝግ ፕሮግራም አትሽጡ። ብታሸንፉም ለማሸነፍ በምታወጡት ገንዘብ ሌላ ላይብረሪ ትጽፉ ነበር። ኤልጂፒኤል (ለላይብረሪ ተብሎ የላላው ጂፒኤል) ከሆነ ግን ዳይናሚክ የተፈቀደው መንገድ ነው፣ ላይሰንሱ የተጻፈው ለዚሁ ነው። ኤልጂፒኤልን በስታቲክ መጠቀም ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ተጠቃሚው አዲስ የላይብረሪ ቅጂ አስገብቶ እንደገና እንዲያገናኘው የራሳችሁን ኦብጀክት ፋይሎች (ሊንክ ከመደረጉ በፊት የተጠናቀረውን ኮድ) መስጠት አለባችሁ። በተጨማሪም ላይሰንሱ ተጠቃሚው ያሻሻለውን ለማረም ፕሮግራማችሁን ፈትቶ ማየት እንዲችል እንድትፈቅዱ ይጠይቃል። ብዙ ኩባንያ ግን በውሉ ላይ «መፍታት ክልክል ነው» የምትለዋን አንቀጽ ከሌላ ቦታ ገልብጦ ያስገባና ሳያውቅ ይጥሳል።

አንድ በቅርብ የማውቀውን ላሳያችሁ። ቪዲዮ የሚቆርጥ አፕ የሚሠራ ሰው ሁሉ ኤፍኤፍኤምፔግን ይጠቀማል። ላይሰንሱ ሲጠየቅ «ኤልጂፒኤል ነው» ይላል። ልክ ነው፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ኤክስ264 የሚባለውንና ሌሎች የጂፒኤል ክፍሎችን ጨምራችሁ ስትገነቡት ሙሉው ጂፒኤል ይሆናል። ከኢንተርኔት ዝግጁ ሆኖ የሚወርደው ብዙ ጊዜ እንዲህ የተገነባው ነው። ተርሚናል ላይ ስሙን ጽፋችሁ ቨርዥኑን ጠይቁት፤ «ኮንፊገሬሽን» ከሚለው ቀጥሎ በሚመጣው ረጅም መስመር ውስጥ «ኢኔብል ጂፒኤል» የሚል ካያችሁ፣ እርሾው ገብቷል።

ለየብቻ ማስሮጥ

የእኔ ምርጫ፣ ጊዜ ሲያጥረኝ፣ ይሄ ነው። የእናንተ ፕሮግራም አንድ ሂደት፣ የሰውየው ሌላ ሂደት። በትእዛዝ መስመር ትጠሩታላችሁ፣ ፋይል ትሰጡታላችሁ፣ ፋይል ይመልሳል። በየድስቱ ማለት ይሄ ነው። ፋውንዴሽኑ ራሱ እንዲህ የሚነጋገሩ ፕሮግራሞች በተለምዶ ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው ይላል፤ ውስጣዊ የዳታ አወቃቀራቸውን እየተለዋወጡ እጅግ ከተቆራኙ ግን አንድ ሊባሉ ይችላሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ጨምሮ። ማለትም ላይሰንሱን ለመሸወድ ብቻ ብላችሁ አንዱን ፕሮግራም ሁለት ላይ ብትሰነጥቁት መሸወዱ ይታያል።

ደስ የሚለው ከእያንዳንዱ ወገን ምንም አለመወሰዱ ነው። ደስ የማይለው ፍጥነቱ ነው፣ ስህተት ሲፈጠርም መልእክቱ በጽሑፍ ስለሚመጣ መልቀም አለባችሁ። ደግሞ አትርሱ፣ የጂፒኤሉን ፕሮግራም አብራችሁ ስትሰጡ የእሱን ሶርስ የመስጠት ግዴታ አሁንም አለባችሁ። ከግዴታው ነፃ የሚሆነው የእናንተ ኮድ ነው። ሊንክሲስ በ2003 የገባበት ጣጣ ይሄ ነው። ራውተሮቹ ውስጥ ሊኑክስ ነበር፣ ሶርሱ አልተሰጠም፣ ሰዎች ጮኹ፣ በመጨረሻ ኮዱ ወጣ፣ ዛሬ ብዙ ራውተር ላይ ያለው ኦፕን ደብሊውአርቲ ከዚያ ተወለደ።

ፕለጊን

ፕለጊን (ተሰክቶ ሥራ የሚጨምር ክፍል) የምትጽፉት ለሰው ፕሮግራም ከሆነ ጥያቄው ይገለበጣል፦ የእኔ ፕለጊን የእነሱ ውልድ ነው ወይ? መልሱ በየሰፈሩ ይለያያል። የዎርድፕሬስ ሰዎች በ2009 ጠበቆች አማክረው፣ የቴም (የድረ ገጹን መልክ የሚወስን ክፍል) ፒኤችፒ ኮድ ጂፒኤል መሆን አለበት፣ ሥዕሉና ሲኤስኤሱ ግን አያስፈልግም አሉ። በ2010 ቴሲስ የተባለው ቴም ባለቤት አሻፈረኝ ብሎ በአደባባይ ከተከራከረ በኋላ ልክ በዚህ መስመር ላይ ከፈለው፣ ፒኤችፒውን ለጂፒኤል ሥዕሉን ለራሱ። ለዎርድፕሬስ ቴም የምትሸጡ ከሆነ ይህን ክፍፍል ያዙ፣ ሰላም ታገኛላችሁ።

ሊኑክስ ላይ ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ ከላይሰንሱ አናት ላይ ማስታወሻ ጽፎ ነገሩን ገላገለው፦ ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) በተለመደው የሲስተም ጥሪ የሚጠቀም ተራ ፕሮግራም ውልድ ሥራ አይደለም። ባይጽፈው ኖሮ ዛሬ ሰርቨር ላይ ዝግ ሶፍትዌር የሚያስሮጥ ሁሉ በስጋት ነበር የሚኖረው። ከርነሉ ውስጥ ገብተው ለሚጫኑ ሞጁሎች ግን ይህ ማስታወሻ አይሠራም። እዚያ ለመግባት ካሰባችሁ ሞጁላችሁን ጂፒኤል 2 አድርጉት፣ አለቀ። ኤንቪዲያ እንኳ ከብዙ ዓመት ጭቅጭቅ በኋላ በ2022 የከርነል ሞጁሉን ከፍቷል።

ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ

ተራ ጂፒኤል ሰርቨራችሁ ላይ ሆኖ ተጠቃሚው በብራውዘር ቢጠቀመው ማከፋፈል አይባልም። ትልልቆቹ ድርጅቶች በዚህ ቀዳዳ ነው የከበሩት። ቀዳዳውን የሚደፍነው ኤጂፒኤል (የአሁኑ ቨርዥን በ2007 የወጣ) ነው፦ ፕሮግራሙን ከቀየራችሁትና ሰዎች በኔትወርክ ከተጠቀሙት፣ የቀየራችሁትን ሶርስ ለእነሱም ስጡ ይላል። አይቴክስት ኤጂፒኤል የሆነው ከቨርዥን 5 ጀምሮ ነው። ጎስትስክሪፕትና ሙፒዲኤፍም እንዲሁ ናቸው። ፒዲኤፍ የሚነካ ሰው ሁሉ ይህን ቃል በሕልሙም ቢሰማው ይንቃ! የእኛ ሶፍትዌር ደንበኛው ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ስለነበር ሰርቨር ነው አይደለም የሚለው እንኳ አላዳነንም። ማከፋፈል ማከፋፈል ነው።

ራስ መጻፍ፣ ወይም መግዛት

ከባዶ መጻፍ ይቻላል፣ አጻጻፉ ግን ሥርዓት አለው። ከኮምፒውተር አሶሺየትስና አልታይ ክርክር (1992) የተሻለ ምሳሌ አላየሁም። አንድ ፕሮግራመር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር የድሮ ድርጅቱን ኮድ ይዞ ሄደ፤ አልታይ ሳያውቅ ከፕሮግራሙ 30 በመቶ ያህሉ የተገለበጠ ሆነ። ሲያውቅ ያን ኮድ ቆልፎበት፣ አይተውት የማያውቁ ሌሎች ፕሮግራመሮች ተመድበው ክፍሉን እንደገና ጻፉት። ለመጀመሪያው ቅጂ 364,444 ዶላር ከፈለ። በሁለተኛው ነፃ ወጣ። ዳኞቹ ሐሳቡን፣ ቅልጥፍና ያስገደደውንና የሁሉም የሆነውን አንጥረው አውጥተው የቀረውን አነጻጸሩ፣ የሚያስጠይቅ ነገር አላገኙም። እንግዲህ ሶርሱን አንዴ ካያችሁ እናንተ አትጻፉት። ያላየ ጓደኛ ይጻፈው።

የትእዛዞቹን ስም ብቻ መውሰድስ? ጎግል ለአንድሮይድ ከጃቫ 11,500 መስመር ያህል የኤፒአይ (ፕሮግራሞች የሚጠራሩባቸው ትእዛዞች) መግለጫ ወስዶ ውስጡን ራሱ ጻፈው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2021፣ 6 ለ2፣ ፍትሐዊ አጠቃቀም (ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሚፈቀድ) ነው አለ። ኤፒአይ የቅጂ መብት አለው የለውም የሚለውን ግን ሳይነካ አለፈው። ክርክሩ አሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል፣ ጎግል ይችለዋል። አውሮፓ ላይ ነገሩ ቀለል ይላል፦ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2012 በሳስ ጉዳይ የፕሮግራም ተግባር፣ የፕሮግራሚንግ ቋንቋና የዳታ ፋይል ቅርጽ በፕሮግራም የቅጂ መብት አይጠበቁም ብሏል።

መግዛት የሚባለውን ሰው ይረሳዋል። አይቴክስት፣ ኪውቲ፣ ማይኤስኪውኤል ሁሉም ሁለት በር አላቸው፤ በአንዱ በነፃ ከነግዴታው፣ በሌላው በገንዘብ ያለ ግዴታ። ዋጋውን ሳትጠይቁ አትፍሩ፣ የሁለት ፕሮግራመር የአንድ ወር ደመወዝ ከሚበላ ማሻሻያ ሊረክስ ይችላል። ለእኛ በዶላር ስለሆነ ሳይሆን ቀረ።

እርስ በርስ የማይስማሙ ላይሰንሶች

ሁለቱም ነፃ ሆነው አብረው የማይሄዱ አሉ። አፓቺ 2.0 ከጂፒኤል 3 ጋር ይስማማል፣ «ጂፒኤል 2 ብቻ» ከሚለው ጋር ግን አይስማማም። ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት ሲዲዲኤል በሚባል ላይሰንስ ነው፣ ሊኑክስ ጂፒኤል 2 ነው፤ ኡቡንቱ በ2016 ሁለቱን አንድ ላይ ሲያወጣ አንድ የነፃ ሶፍትዌር ድርጅት «ጥሰት ነው» ሲል ሌላው የጠበቆች ድርጅት ለዘብ ያለ አስተያየት ጻፈ። ቪኤልሲ የተባለው የቪዲዮ ማጫወቻም በ2011 መጀመሪያ ከአፕል ስቶር ወርዷል፣ የስቶሩ ደንብና ጂፒኤል አይገጥሙም ተብሎ። ቡድኑ በየአገሩ ያሉ ደራሲዎችን አንድ በአንድ እያፈላለገ ፈቃድ ጠየቀ፣ ላይሰንሱን ቀየረ፣ በ2013 ተመለሰ። ትንሽ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) የላከላችሁ ሰው ሁሉ የዚያች ፓች ባለቤት ነው። አሁኑኑ በጽሑፍ ተስማሙ።

«ላይሰንስ መጣስ የውል ጉዳይ እንጂ የቅጂ መብት አይደለም» የምትል ማምለጫም ነበረች። በ2008 በሞዴል ባቡር ሶፍትዌር ላይ በተነሣ ክስ (ቀልድ አይደለም) የአሜሪካ ፌዴራል ሰርኪት ይግባኝ ፍርድ ቤት ዘጋት። ፈረንሳይ ውስጥም ላሶ በተባለ የጂፒኤል ላይብረሪ ምክንያት በ2011 የተከሰሰው ኦራንዥ በ2024 በፓሪስ ይግባኝ ተረትቶ በመቶ ሺዎች ዩሮ ተፈርዶበታል።

እኛስ ጋ? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥራል፣ ሐሳብና አሠራር አይጠበቅም ይላል፣ ቀይሮ የመሥራትን መብትም ለባለቤቱ ይሰጣል። ተቀጥራችሁ በሥራ ላይ የጻፋችሁት ኮድ ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የቀጣሪያችሁ ነው። ስለዚህ ከድሮ መሥሪያ ቤት በፍላሽ ይዛችሁት የመጣችሁት «የራሴ» ፎልደር የራሳችሁ ላይሆን ይችላል። ለውጭ ደንበኛ ስትሠሩ ግን የሚያስጨንቃችሁ ያስፈረማችሁ ውል ነው፤ ውስጡ «ከሌላ ሰው መብት ነፃ መሆኑን አረጋግጣለሁ» የምትል መስመር አለች። እኔ ሳላነብ ነበር የፈረምኩት።

እና የእኛ ነገር እንዴት አለቀ? አይቴክስት ኤጂፒኤል ከመሆኑ በፊት የነበረው ቨርዥን ኤልጂፒኤልና ኤምፒኤል ነበር። ከዚያ የወጣ ኦፕንፒዲኤፍ የሚባል ቅርንጫፍ አለ፣ ላይሰንሱም እነዚያው ናቸው። የተሰጠ ፈቃድ ወደ ኋላ አይነጠቅም። አስገባሁት፣ ሁለት ቀን የፈጀ የስም ለውጥ ነበር፣ ዝርዝሩን አስተካክዬ ልልክ ስል ደረሰኙን አንድ ጊዜ ላትመው አልኩ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ደህና ነው። የደንበኛው የአማርኛ ስም ግን ሳጥን ሳጥን ሆኖ ወጣ። ፎንቱን ስፈልግ አገኘሁት፦ ኒያላ፣ ከራሴ ዊንዶውስ ፎልደር ገልብጬ ከፕሮግራሙ ጋር የጠቀለልኩት የማይክሮሶፍት ፎንት። 60 ላይብረሪ ስንቆጥር ማናችንም ፎንት አልቆጠርንም። አቢሲኒካ ሲልን አወረድኩ፤ ላይሰንሱ ከማንኛውም ሶፍትዌር ጋር አብሮ ማከፋፈልን ይፈቅዳል፣ ብቻውን እንዳትሸጡት ግን ይከለክላል፣ በእሱ የታተመ ሰነድ ላይም ምንም ግዴታ አይጥልም። 61ኛውን መስመር ጨምሬ ላክሁት።